ቅጠሉ ሳይረግፍ

ድርቆሽ የሚያውቅ ገዢ ገበያ ሲደርስ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እስሩ በተራገፈበት መሬት ላይ ነው። ጫኞቹ ከመኪና ወርውረው ባወረዱበት ቦታ አረንጓዴ ብናኝ ተነጥፎ ካየ ብናኙ ቅጠል መሆኑን ያውቃል። ቅጠሉ መሬት ላይ ከቀረ ደግሞ እስሩ ውስጥ ምን እንደተረፈ ለመገመት መፍታት አያስፈልገውም። ተራ የሣር ድርቆሽ እንዲህ ያለ ምርመራ አይጠይቅም። የሣር ቅጠል አገዳውን አቅፎ ስለሚወጣ ቢደርቅም ቢወረወርም አብሮ ይጓዛል። አልፋልፋው፣ ቬቹ፣ ምስሩ፣ ኦቾሎኒው፣ ባጠቃላይ የጥራጥሬ ቤተሰብ የሆነ ሁሉ ግን ቅጠሉን የሚሸከመው ክር በምታህል ጭራ ነው። ጭራዋ ስትደርቅ በትንሽ ነገር ትበጠሳለች።

አንድ የአልፋልፋ ዘለላ ይዞ ጠጋ ብሎ ማየት ነገሩን ሁሉ ያስረዳል። አገዳው ቀጥ ያለ፣ አራት ማዕዘን ሊሆን የቃጣው፣ ሲጨምቁት የሚመልስ ነው። በየአንጓው አንዲት ቀጭን ጭራ ትወጣለች፤ በጭራዋ ጫፍ ላይ ጠርዛቸው በስሱ የተጠረበ ሦስት ትናንሽ ቅጠሎች አሉ። ታጭዶ ፀሐይ ሲያገኘው ቅጠሉ በሰዓታት ውስጥ ይጠወልጋል፣ ይደርቃል። አገዳው ግን ሰም የለበሰ ቆዳ ስላለው ውኃውን በቀላሉ አይለቅም። ስለዚህ አገዳው ለመታሰር በደረሰበት ሰዓት ቅጠሉ ከልኩ አልፎ፣ በነኩት ቁጥር የሚፈረፈር ሆኖ ይጠብቃል። የድርቆሽ ሠሪው ብልሃት ሁሉ፣ ከአጨዳው ጀምሮ እስከ ግርግሙ ድረስ፣ ሁለት በተለያየ ፍጥነት የሚደርቁ ነገሮችን ሳይለያዩ ማድረስ ነው። እኔ ይህን ሥራ ከሸማኔና ከአንጥረኛ ሥራ አሳንሼ አላየውም። ሠሪው ያደረገው ነገር በዓይን የማይታይ መሆኑ ብቻ ነው ያላስከበረው፤ ጥሩ ድርቆሽ ላይ የሚታየው ያልጠፋው ነገር ነው።

ቅጠሉ ለምን ይህን ያህል ይታዘንለታል? አበባው ሊፈነዳ ሲል የታጨደ አልፋልፋ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ቅጠል ነው። ፕሮቲኑ ሲለካ ግን ቅጠሉ ከአገዳው ከእጥፍ በላይ ይይዛል፤ ከመላው ተክል ፕሮቲን ሁለት ሦስተኛው ገደማ እዚያው ቅጠሉ ውስጥ ነው ያለው። በከብቱ ጨጓራ ውስጥ ፈጥኖ የሚፈጨውም እሱ ነው። አገዳው ዕድሜው በገፋ ቁጥር ሊግኒን የሚባለውን እንጨታማ ነገር እያጠራቀመ ይሄዳል፤ ይህን ደግሞ የትኛውም የጨጓራ ተሕዋስያን አይበግረውም። መንገድ ላይ ሲሶ ቅጠሉን የጣለ እስር በሚዛን ሲታይ ጥቂት የቀለለ ይመስላል እንጂ ገዢው የጎደለበት ዋናው ነገር ነው።

ጥበቡ የሚጀምረው የማጨጃውን ቀን ከመምረጥ ነው። ማሳው ሐምራዊ ሆኖ ሲያብብ ለዓይን ደስ ይላል፤ ባለማሳውም ‘አሁን ነው’ ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ግን አልፏል። የሚያውቀው ሰው በማሳው ውስጥ እየተመላለሰ እንቡጡን በጣቱ ይዳብሳል፤ ከመቶው ዘለላ አሥር ያህሉ አበባ ሲያወጣ ማጭዱን ይስላል። ከዚያ ቢቸኩል ቅጠሉ ይበዛለታል፤ ሥሩ ግን ገና ስንቁን አላጠራቀመምና በሚቀጥለው ዙር ማሳው ይሳሳል። ቢዘገይ ክምሩ ይቆለላል፤ የሚቆለለው ግን እንጨት ነው። ሌላም የሚያየው ምልክት አለ፦ ከግንዱ ሥር፣ ከመሬት አጠገብ፣ አዲሱ ቡቃያ ብቅ ብሎ እንደሆነ ጎንበስ ብሎ ያያል። ቡቃያው ወጥቶ ከሆነ ማጭዱን ከፍ አድርጎ ያስኬዳል፤ ያንን ቡቃያ የቆረጠ ሰው የሚቀጥለውን አጨዳ አብሮ ቆርጧል።

በዝናብ በሚለማው ደጋ ላይ ሥራው ሌላ መልክ አለው። በሆለታና በአካባቢው ለብዙ ዓመታት ሲሞከርና ሲመከር የኖረው ቬችን ከአጃ ጋር ቀላቅሎ መዝራት ነው። ይህን ማሳ ቆሞ ያየ ሰው የሁለቱን ስምምነት ሳያደንቅ አይቀርም። ቬች ብቻውን ሲዘራ አገዳው ራሱን አይሸከምም፤ በራሱ ላይ ይተኛል፣ ሥር ሥሩ ያለው ቅጠል ብርሃን አጥቶ ይበሰብሳል። አጃ አብሮት ሲበቅል ግን በጭራው ጫፍ ባሉት ጠምዛዛ ክሮች አጃውን ይዞ ይወጣል፤ ቅጠሉ ከላይ እስከ ታች ነፋስና ፀሐይ ያገኛል። ሲታጨድም አጃው ውለታውን ይቀጥላል፦ በረድፉ ውስጥ ገባ ገባ እያለ ክምችቱን ስለሚያናፍሰው ቬቹ ቶሎ ይደርቃል፤ ሲነሳ ሲጣል ደግሞ የሣሩ አገዳ ይደግፈዋል። የማጨጃው ሰዓት ለሁለቱ አንድ አለመሆኑ ነው አስቸጋሪው። አጃው ፍሬው ገና በጥፍር ሲጫኑት ወተት የሚያወጣ፣ ቬቹ ደግሞ አበባ ላይ ሆኖ የመጀመሪያዎቹን ቆባዎች መቋጠር የጀመረ ሲሆን ነው የሚስማሙት። ይህ የሚገጥመው ብዙ ጊዜ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ነው፤ ዝናቡም ልሂድ ልቆይ እያለ የሚያመነታው ያኔውኑ ነው።

የሱሉልታ ሜዳ በዚህ ነገር ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ከእንጦጦ ጀርባ ያለው ያ ረግረጋማ ሜዳ ለአዲስ አበባ ከብት አርቢዎች ድርቆሽ ሲያቀርብ የኖረ ነው። ክረምት መጨረሻ ላይ በሣሩ መካከል ጎንበስ ብሎ ለፈለገ ሰው ባለ ሦስት ቅጠሏ የአገራችን የዱር ክሎቨር በየቦታው አለች፤ አበባዋ ሐምራዊ፣ ቁመቷ አጭር፣ ማንም ሳይዘራት በየዓመቱ ራሷን የምትዘራ። ሜዳው በዘር ያላወጣበት የጥራጥሬ መኖ አለው ማለት ነው። ግን አጨዳው መሬቱ እስኪጠፍና ሣሩ እስኪረዝም ይጠበቃል፤ እስከዚያ ክሎቨሯ አብባ፣ አፍርታ፣ ደርቃ ቅጠሏን ጥላለች። በኅዳር የታጨደ እስር ተፈትቶ ሲታይ ጥቁር ጭራና ባዶ የአበባ እራስ ነው የሚገኝባት። ቀደም ብሎ የታጨደውን የሚለየው ገዢ እስሩን በሁለት እጁ ይከፍትና ከሣሩ መካከል ሦስት ቅጠሏን ይፈልጋል። ካገኛት ዋጋ አይከራከርም። ካላገኛት ገለባ በድርቆሽ ዋጋ እየተሸጠለት መሆኑ ገብቶታል።

ወደ ማድረቁ እንምጣ፤ የሥራው ልብ እዚህ ነው። ገና የታጨደ አልፋልፋ ከአምስት እጅ አራቱ ውኃ ነው። ሳይሻግት ለመከመር ግን ውኃው ከመቶ 15 ገደማ መውረድ አለበት። ሒሳቡ ሲሠራ ከ100 ኪሎ እርጥብ ተክል 76 ኪሎ ያህል ውኃ በንኖ ወደ 24 ኪሎ ድርቆሽ ይቀራል። ይህን ሁሉ ውኃ በሁለትና በሦስት ቀን ፀሐይ ማስወጣት ያስፈልጋል፤ አንድ ዶፍ ቢጥልበት ስኳሩን አጥቦ ይወስድበታል፣ ቅጠሉን ይደበድብበታል። ስለዚህ ሠሪው መገልበጥ አለበት። ሲገለብጥ ደግሞ ቅጠል ይረግፋል። የጀማሪውና የአዋቂው ልዩነት የሚታየው በዚህ ነው። ጀማሪው ቀትር ላይ፣ ሁሉ ነገር ሲንኮሻኮሽ፣ በመንሽ እያነሳ ይበትነዋል፤ በትጋት ይሠራል፣ ከኋላው ግን መሬቱ አረንጓዴ ይሆናል። አዋቂው ተክሉ ገና ለስላሳ ሳለ፣ በታጨደበት ቀን፣ ይገለብጣል። ከዚያ በኋላ መንካት ካለበት ጠዋት ጤዛው ሳይነሳ ነው፤ ጤዛው ያቺን ጭራ መልሶ ስለሚያለሰልሳት ቅጠሉ አብሮ ይነሳል። አነሳሱም የተለየ ነው፦ መንሹን ከሥር አስገብቶ ረድፉን በሙሉ ያዞረዋል፤ አያራግፈውም።

ይህ የጤዛ ነገር በትልልቆቹ ማሳዎችም ያው ነው። በካሊፎርኒያ ኢምፔሪያል ሸለቆ ሙቀቱና ድርቀቱ ከባድ በመሆኑ ቀን የሚታሰር አልፋልፋ ቅጠል አይተርፈውም። የዚያ አገር ድርቆሽ ሠሪዎች ማሰሪያ መኪናቸውን የሚያስነሱት ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ጤዛ ሲወርድ ነው፤ ጤዛው ፀሐይ ሲወጣ ስለሚሄድ የሥራ ሰዓታቸው በጥቂት ሰዓት የተወሰነ ነው። ጤዛ በሌለበት ሌሊት የውኃ እንፋሎት እየረጨ ቅጠሉን የሚያለሰልስ መሣሪያ እስከመሥራት ደርሰዋል። እኛ አገር ሣር በእንጨት ሣጥን ውስጥ እየረገጡ በገመድ የሚያስሩ ሰዎች ያለ ምንም ማሽን አንድ ነገር ያተርፋሉ፦ እጅ ከብረት ጥርስ ይልቅ ለቅጠል ይራራል። ሣጥኑን ማሳው ውስጥ አስገብቶ፣ ከሥሩ ሸራ አንጥፎ ጠዋት ማሰር ቢለመድ ደግሞ ከዚያ የተሻለ ድርቆሽ በየትኛውም አገር አይሠራም እላለሁ።

መድረሱ በምን ይታወቃል? በጥፍር። አንዲት አገዳ መዝዞ ቆዳዋን በአውራ ጣት ጥፍር መፋቅ ነው፤ ቆዳው እንደ ልጥ ከተላጠ ውኃ አለው፣ ገና ነው። ካልተላጠና ጥፍሩ ዝም ብሎ ከተንሸራተተ ደርሷል። ሌላው ጭብጥ ሙሉ ይዞ እንደሚጨመቅ ልብስ መጠምዘዝ ነው፤ አገዳው እየተሰበረ ድምፅ ካሰማና እርጥበት ካልታየ መከመር ይቻላል። በወጥ ቤት የሚሠራ ፈተናም አለ። ድርቆሹን በመቀስ ቆራርጦ በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ መጨመር፣ ትንሽ ደረቅ ደቃቅ ጨው ማከል፣ ከድኖ ደጋግሞ መነቅነቅ። ጨው እርጥበት ወዳድ ነውና ድርቆሹ ውኃ ካለው ጨዉ ተያይዞ ይጓጉላል፤ ከደረቀ እንደተበተነ ይቀራል። ውድ መለኪያ ላልገዛ ሰው ይህ በቂ ነው።

ክምሩ ሲሠራ ደግሞ የጥራጥሬ ድርቆሽ አንድ ጠባዩ ይገለጣል፦ ውኃ አያፈስም። የጤፍ ጭድና የሣር ክምር ጭራው ወደ ታች ተደርጎ ከተቀመጠ ዝናቡን እያንሸራተተ ያወርዳል። የአልፋልፋ ወይም የቬች አገዳ ግን የተጠማዘዘና ቅርንጫፍ የበዛበት ስለሆነ ጠብታውን ወደ ሆዱ ይመራዋል። ስለዚህ ብልህ ከማሪ ጥራጥሬውን መሐል ያደርግና ጉልላቱን በሣር ወይም በጭድ ይከድናል። ሥሩንም በእንጨት ርብራብ ከመሬት ያነሳዋል። በሳምንቱ እጁን እስከ ክንዱ ወደ ክምሩ ውስጥ ከትቶ ሙቀቱን ይለካል። ቶሎ የተከመረ ድርቆሽ ውስጥ ውስጡን ይግላል፤ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከደረሰ ክምሩ በራሱ ጊዜ ወደ መቃጠል የሚሄድበት መንገድ ተከፍቷል፣ መፍረስ አለበት።

ሳይቃጠል የጋለውም የሚሸጥ ነውና ገዢው አፍንጫውን ይዞ ይሂድ። ጥሩ ድርቆሽ የሚሸተው ለስላሳ፣ ከሻይ ቅጠል የሚቀርብ ሽታ ነው። የጋለው ቡናማ ይሆንና የተቃጠለ ስኳርና የትንባሆ ሽታ ያመጣል። ከብቶች ይህን ይወዱታል፤ ሽቅድምድም ይበሉታል። ሻጩም ‘አባባ፣ በሬው ራሱ መስክሯል’ ይላል። በሬው የመሰከረው ለጣዕሙ ነው። ሙቀቱ ግን ፕሮቲኑን ከስኳሩ ጋር አጣብቆት በጨጓራም በአንጀትም የማይፈታ አድርጎታል፤ ገብቶ እንዳለ ይወጣል። በተቃራኒው ላይ ላዩን ፀሐይ የመታው ገርጣ ያለ እስር ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋቱ ይናቃል። የገረጣው ሽፋኑ ብቻ ነው፤ ቢላ አስገብቶ ሲከፍቱት ውስጡ አረንጓዴ ከሆነና ቅጠሉ ከጭራው ከተያያዘ የቀለም ቅናሽ ማግኘት ለገዢው ትርፍ ነው።

ስለ ሽታና ሻጋታ ከተነሳ ስዊት ክሎቨር የሚባለውን መኖ ማለፍ አይቻልም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ በሰሜን አሜሪካ ከብቶች ቀንዳቸው ሲቆረጥ ወይም ሲኮላሹ ደማቸው አልቆም እያለ ማለቅ ጀመሩ። በካናዳ የኦንታሪዮ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የነበረው ፍራንክ ስኮፊልድ ምክንያቱ የሻገተ የስዊት ክሎቨር ድርቆሽ መሆኑን አሳየ። በ1933 ደግሞ አንድ የዊስኮንሲን ገበሬ በበረዶ አውሎ ነፋስ መካከል የሞተች ጊደርና የማይረጋ ደም የተሞላ የወተት ማሰሮ ጭኖ ካርል ሊንክ የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ ዘንድ ማዲሰን ደረሰ። የሊንክ ቤተ ሙከራ ከዓመታት ድካም በኋላ በ1939 ደሙን የሚያቀጥነውን ነገር ለይቶ አወጣ፤ ዛሬ የልብ ሕሙማን የሚወስዱት ዋርፋሪን የተወለደው ከዚያ ነው። ተክሉን ደስ የሚል ሽታ የሚሰጠው ንጥረ ነገር ሻጋታ ሲነካው ነው መርዝ የሚሆነው። እኛ ዘንድ ይህ ተክል ዋና መኖ አይደለም፤ የሻገተን እስር ‘ለበሬ ምን ይሆናል’ ብሎ ለሚያቀርብ ሰው ግን ታሪኩ ይበጀዋል።

እስካሁን ያልኩት ጥሩ ድርቆሽን ስለ ማወቅ ነው። ለሥጋ ከብት መምረጥ ከዚህ ይለያል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በዚህ ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የገበያ ዘገባ አልፋልፋን በአምስት ደረጃ ይከፍላል። የላይኞቹን ሁለቱን የወተት እርባታዎች ይሻሙባቸዋል፤ የሥጋ ከብት አርቢዎች ወደ ታችኞቹ ይወርዳሉ፣ ድህነትም ስስትም ሳይኖርበት። ከእርሻ ጡረታ የወጣ በሬ አጥንቱን ገንብቶ ጨርሷል፤ አሁን የሚጨምረው በአብዛኛው ስብ ነው፣ ስብ ደግሞ የሚመጣው ከኃይል ሰጪ መኖ ነው። ለእሱ ቅጠል በቅጠል የሆነ ምርጥ አልፋልፋ ጠዋት ማታ ማቅረብ የተረፈውን ፕሮቲን በሽንት ማስወጣት ነው። ወይፈን ከሆነ ነገሩ ይለወጣል፤ ገና ሥጋ ይገነባልና የላይኛው ደረጃ ለእሱ ይገባዋል።

ታዲያ ለአሮጌው በሬ የጥራጥሬ ድርቆሽ ምን ይሠራል? ጭዱን ያስበላዋል። የጤፍ ጭድ ፕሮቲኑ ከመቶ 4 ገደማ ነው፤ በጨጓራ ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን ሥራቸውን በወጉ ለመሥራት ጠቅላላው መኖ ቢያንስ ከመቶ 7 እንዲደርስላቸው ይፈልጋሉ። ካልደረሰ ጭዱ ጨጓራው ውስጥ ይከርማል፣ በሬው ጠግቦ ሳይሆን ቦታ አጥቶ መብላቱን ያቆማል። በቀን 6 ኪሎ ጭድ ለሚበላ በሬ 240 ግራም ፕሮቲን ይደርሰዋል። ፕሮቲኑ ከመቶ 18 የሆነ 2 ኪሎ የአልፋልፋ ድርቆሽ ሲታከልበት 360 ግራም ይጨምራል፤ 600 ግራም በ8 ኪሎ ሲካፈል 7.5 በመቶ ይመጣል። ሁለት ኪሎ ብቻ! ፋጉሎ በተወደደበት ዘመን ይህን ሒሳብ በቃሉ የያዘ አድላቢ ብዙ ያተርፋል። የስንዴ ፉርሽካ የሚያበላ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ፉርሽካ ፎስፎረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ጥቂት ነው፤ ብቻውን ሲበዛ ለወንድ ከብት የሽንት ጠጠር ያመጣል። የአልፋልፋ ድርቆሽ በካልሲየም የተሞላ ስለሆነ ሚዛኑን ይመልሳል። ድርቆሽ መሆኑ ራሱ የሚያሳርፈው ነገር ደግሞ የሆድ መነፋት ነው፤ በእርጥብነቱ በሬ የሚገድለው አልፋልፋ ሲደርቅ አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል።

አልፋልፋ ለሌለው ሰው አውድማው አለለት። የምስር ገለባ ከሁሉም ይመረጣል፤ አገዳው ቀጭን ስለሆነና ቅጠሉ ስለሚበዛ ከመካከለኛ ድርቆሽ ጋር ይወዳደራል። ባቄላ ቅጠሉን የሚጥለው ገና ማሳ ላይ ሳለ ነው፤ አውድማ የሚደርሰው ጥቁር አገዳው ነው፣ በሬውም መርጦ ነው የሚበላው። ሲዘራ ደግሞ ነፋሱ ራሱ ይመርጥልናል፦ ፍሬው እግር ሥር ይወድቃል፣ አገዳው ጥቂት ይርቃል፣ እብቁና የቅጠሉ ስብርባሪ አውድማው ዳር ድረስ ይሄዳል። ያንን የዳር ብናኝ ጠርጎ በጆንያ ለብቻው የሚያስቀምጥ ገበሬ አውቆም ሆነ በልማድ የገለባውን ምርጥ ክፍል ለይቷል። ሲገዛም ሲቀበልም አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ከገለባው ጋር አስተናግር ታጭዶ እንዳይሆን ማየት፣ በምሥራቁ በኩል ደግሞ ቅንጬ አረምን መፈለግ። የመጀመሪያው ይመርዛል፤ ሁለተኛው የሥጋውን ጣዕም ያበላሻል፣ ለሰንጋ ነጋዴ ይህም ከመርዝ አይተናነስም።

የሐረርጌ ገበሬ በዚህ ሁሉ ላይ የራሱን ጥበብ ጨምሮበታል። ወጣት በሬ ከቆላው አርብቶ አደር ገበያ ይገዛል፣ ጥቂት ዓመት ያርስበታል፣ ከዚያ ቤቱ አጠገብ አስሮ ያደልበዋል። ማሽላውን አጥብቆ የሚዘራውም አስቦበት ነው፤ የሚያሳሳው ለበሬው ነው። በባቢሌና በአካባቢው የኦቾሎኒው ሐረግ ይታከልበታል። ኦቾሎኒ በመነቀል የሚሰበሰብ ስለሆነ ሐረጉ ፍሬው ሲደርስም አረንጓዴ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ነቃዩ ከዘገየ ቅጠሉ ነጠብጣብ በሽታ መትቶት ይራገፋል። ተነቅሎ ሲገለበጥ ፍሬው ወደ ፀሐይ፣ ቅጠሉ ወደ መሬት ይሆናል፤ ስለዚህ አይገረጣም፣ ነገር ግን አፈር ይይዛል። አፈሩ የሚራገፈው ሥሩ ላይ ብቻ ቀስ ብሎ በመምታት ነው፤ ሐረጉን በሙሉ ድንጋይ ላይ የሚደበድብ ሰው አፈሩንም ቅጠሉንም አብሮ ያወርዳል። ከዚያ ማብላቱ በጭብጥ ነው። በትንሽ በትንሹ፣ በሬው ያፉን ሲጨርስ ሌላ እየተሰጠው፣ ሻካራው ቀድሞ ጥራጥሬው ተከትሎ፣ ከግርግሙ ሥር ረገፍ የሚለውን ለመያዝ አሮጌ ማዳበሪያ ተነጥፎ። በአንድ ጊዜ ቆልለው ከሰጡት በሬው ቅጠሉን በምላሱ መርጦ አገዳውን ይረግጠዋል፤ የተረገጠውን ደግሞ ጠዋት መልሰው ቢያቀርቡለት አይነካውም።